የአባቴ ጎማ ላይ የተጻፈው

አባቴ አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ሲወጡ፣ እንደ እኩዮቻቸው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው፣ ከሰዓት ዳማ ሲጫወቱ ይውላሉ ብለን ነበር። እሳቸው ግን አንድ የአበባ እርሻ ያረጁ ንብረቶቹን በጨረታ ሲሸጥ ሄደው ባለ አራት እግር ሞተር ይዘው መጡ። መሪው የሞተር ሳይክል፣ እግሩ የመኪና፣ መቀመጫው የበቅሎ ኮርቻ የሚመስል ነገር ነው። ኮልፌ ብዙ ዓይነት ተሽከርካሪ ታውቃለች፤ ይሄን ግን ጎረቤቱ በየተራ ግቢያችን እየገባ ነው ያየው። የአጥር ጎረቤታችን ሁለቴ ዞረውት ሲያበቁ፣ "አድጎ መኪና ይሆናል?" ብለው ጠየቁ።

የአባቴ ሐሳብ ግልጽ ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ መዝናኛ ያለው አንድ ሰው፣ እንግዶቹ እየተከራዩ ሜዳ ላይ የሚጋልቡት እንዲህ ያለ ሞተር ይፈልጋል። "ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እሞክረዋለሁ። ከተመቸኝ ሞተሩም እርስዎም ሥራ ትጀምራላችሁ፤ ካልተመቸኝ በሰላም እንለያያለን" ብሏቸዋል። አባቴን የያዘቻቸው "እርስዎም" ያላት ቃል ናት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ሲነሡ የሌለ መኪና ቁልፍ ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሱ ነበር።

ችግሩ ጎማው ነው። ከሞተሩ ጋር የመጡት አራቱም ጥርሳቸው አልቆ መላጣ ሆነዋል። አባቴ አየር ጤና ሄደው፣ ሰፋ ሰፋ ያሉ አዳዲስ ጎማዎችን ለልካቸው ከሚሆን ቸርኬ ጋር ገዝተው መጡ። ልኩን በምን እንዳወቁ ስጠይቃቸው መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። በስንዝር ነው የለኩት።

"ትንሽ ከፍ ቢል አይጎዳም" አሉ።

የእኔን ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። በልጅነቴ ትምህርት ቤት አልገባሁም። አባቴ "ሴት ልጅ ፊደል ብትቆጥር ለማን ደብዳቤ ልትጽፍ ነው?" ይሉ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ራሴ ሄጄ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። እስከ ዛሬ ለማንም ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ ስጋታቸው ከንቱ ነበር። አሁን የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው የማይለቀው አመል አለ፤ የተጻፈ ነገር አያልፍም። የመድኃኒት ወረቀት፣ የዘይት ጀሪካን፣ ሚኒባስ ውስጥ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ሳላነብ ባልፍ አንድ ቀን የሚጠይቀኝ ያለ ይመስለኛል።

ዓርብ ዕለት ዕረፍት ላይ ስለነበርኩ ጎሚስታው ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። እሳቸው በመላጣው ጎማ እያዘገሙ፣ እኔ አዲሶቹን በእጅ ጋሪ አስጭኜ መጽሐፌን በብብቴ ይዤ። ጎሚስታው የጭነት መኪናና የሚኒባስ ሰው ነው፤ በሥራው አይታማም። የጎማን ጤንነት የሚያውቀው በእርግጫ ነው። በጫማው ጫፍ ይመታዋል፤ ጣቱን ካመመው ጎማው ደኅና ነው። አባቴም የዚሁ እምነት ተከታይ ናቸው።

ቸርኬዎቹን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገልብጠው አሰሯቸው፣ ጎማው ወደ ውጭ ወጥቶ ጭቃ እንዳይረጭ ብለው። መሪው ሲዞር ጎማው የእግር መርገጫውን ፈተገው።

"ፋዘር፣ መርገጫውን ትንሽ ልቁረጥልዎት?" አለ ጎሚስታው።

"እግሬንም አብረህ ቁረጠውና እንገላገል" አሉ አባቴ።

ፈትተው መልሰው አዞሯቸው። ብሎኖቹን አባቴ ራሳቸው አጠበቁ። አንዱን ካጠበቁ በኋላ አጠገቡ ወዳለው አይሄዱም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚይዙት፣ ቸርኬው ሳይዛነፍ እኩል እንዲቀመጥ። በዚህ ነገር እሳቸውን የሚያርም ሰው ስለሌለ መጽሐፌን ከፈትኩ።

ጎሚስታው ሠላሳ አምስት ንፋስ ሞልቶ በእርግጫ መታው። አመመው መሰለኝ፣ ፈገግ አለ። ቀና ስል ጎማው ጎን ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደማቅ ጽሑፍ አየሁ።

"አባባ፣ ከሃያ እንዳይበልጥ ይላል።"

"ማነው የሚለው?"

"ጎማው።"

"ቲቸር" አለኝ ጎሚስታው፣ መጽሐፌን እያየ፣ "ጎማ ሲናገር የሰማሁት ሲፈነዳ ብቻ ነው።"

"እንዳይፈነዳ ነው የጻፉት።"

እኔን ለማስደሰት ብለው ሃያ አደረጉት። አባቴ ወጥተው ኮብልስቶኑ ላይ አንድ ዙር ዞሩ። ሞተሩ እንደ ፍየል ዘለለ። ባርኔጣቸው መንገድ ላይ ቀረ፤ እሳቸው ወገባቸውን ይዘው ተመለሱ። ነገ የመዝናኛውን ሰውዬ እንዲህ ካነጠረው መልሱ የታወቀ ነው።

"ይኸው ሃያሽ" አሉኝ። "ፊደልሽ ስለ ወገቤስ ምን ይላል?"

አፈርኩ። ተማሪዎችን "ደማቁን ብቻ አንብባችሁ አትለፉ" እያልኩ የምቆጣ ሰው፣ ደማቁን ብቻ አንብቤ አልፌ ነበር። እርጥብ ጨርቅ ለመንኩና ተንበረከክሁ። ጎማው ሲገጠም በተቀባው የሳሙና ውኃ ላይ አቧራ ተለጥፎበት፣ ከደማቁ ጽሑፍ በታች ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ ጎማውን ተከትሎ ይዞራል። እንዲህ ያለ ክብ ንባብ ገጥሞኝ አያውቅም። አንገቴን ሳጣምም አይተው አባቴ ክሪኩን አስገብተው ሞተሩን አነሡት፤ ሳልጠይቃቸው ጎማውን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ያዞሩልኝ ጀመር። "ያቁሙ" ስል ያቆማሉ፤ "ይቀጥሉ" ስል ያዞራሉ። ሃያ ሦስት ዓመት የከለከሉኝን ፊደል በመዳፋቸው እያቀረቡ አስነበቡኝ።

ሃያው ጎማው ቸርኬው ላይ ሲገጠም ብቻ ነው፣ ጠርዙ ቦታውን እንዲይዝ። ለመንዳት ግን አምስት።

"አምስት የልጆች ኳስም አይነፋ" አለ ጎሚስታው።

አባቴ አዩኝ። ከዚያ፣ "ልቀቀው" አሉት።

አዲስ ችግር መጣ። የጎሚስታው መለኪያ ለጭነት መኪና የተሠራ ስለሆነ ከአሥር በታች አይቆጥርም። የእኔ ንባብ እዚህ ላይ አለቀ። አባቴ ንፋሱን በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቁ ጎማውን በጉልበታቸው ተጫኑት፣ ለቀቁ፣ ተጫኑት። ከዚያ ሲባጎ አስመጥተው የግራውን ጎማ ዙሪያ ለክተው ቋጠሮ አሰሩ፤ የቀኙም እዚያው ቋጠሮ ላይ እስኪደርስ አስተካከሉ። አምስት ይሁን ስድስት ያወቀ ሰው የለም። እኔን ከነከነኝ፤ እሳቸውን አልከነከናቸውም። ተነሥተው ሲዞሩ ሞተሩ ኮብልስቶኑን እየዋጠ ሄደ።

እስከ ቤት ያለው መንገድ ግን ለአባቴ ፈተና ነበር። የሰፈራችን ሰው ደግ ነው። የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ "ፋዘር፣ ጎማ!" አለ። ቆሎ ሻጯ "አባባ፣ ተንፍሷል" አለቻቸው። ድሮ ረዳታቸው የነበረ፣ አሁን ራሱ ሾፌር የሆነ ሰው መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ ጎማውን በእርግጫ መታና አዘነ።

"ጋሼ፣ እርስዎም እንዲህ በተነፈሰ ጎማ?"

"እንዲህ ነው የሚነዳው" አሉ አባቴ፤ ድምፃቸው ግን የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም። ማታ ከራት በፊት የእጅ ፓምፑ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

"አባባ፣ እንዳይነኩት።"

"ማን ነካው?" አሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰውዬው ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ሜዳ መጣ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጎማውን በእርግጫ መምታት ነው። የጫማው ጫፍ ሰመጠ።

"አባባ፣ ይሄ ንፋስ የለውም እኮ።"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። አንዴ ብቻ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

"ልጄ፣ መጀመሪያ ንዳው" አሉት።

ነዳው። ሜዳው ጎርፍ የቦረቦረው ጉድባ የበዛበት ነው፤ ሞተሩ እየሰጠመና እየወጣ ተሻገረ እንጂ አልዘለለም። ሰውዬው ደርሶ መጣ፤ ሳይወርድ ደግሞ ሄደ። በሦስተኛው ወረደና "ነገ እንግዶች አሉኝ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ይድረሱ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ንፋሱን ማን ነው እንዲህ ያስተካከለልዎት?"

አባቴ ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ጎማው ጎን ላይ አሳረፉ።

"ተጽፏል" አሉ። "ይኸው እዚህ ጋ። አምስት ይላል። ሰው አያነብም እንጂ።"

ጣታቸው ያረፈው የፋብሪካው ስም ላይ ነው። ሰውዬውም አጎንብሶ አየና "እውነት ነው" አለ።

እኔ ስሕተት አይቼ ማለፍ አልችልም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቦታዋን የሳተች አንዲት መጽሐፍ ሳልመልስ ምሳ አልወጣም። ያን ጠዋት ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መጽሐፌን ከፈትኩ። አምስቷ ከጣታቸው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራ ነበረች።