የቶርጊልስ አረንጓዴ ቀለም

የምስራች! ትወጣለች! ዛሬ ጠዋት በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ፤ ነገ በጎቹን ለመሰብሰብ ከእኛ ጋር ወደ ተራራው ትወጣለች! ከደስታዬ ብዛት እስክሪብቶው እጄ ላይ አልቆም ብሏል። የምትወጣው ራንቬይግ ናት። የምጽፈው ግን በእሷ ምክንያት ሰሞኑን አንገቱን ደፍቶ ስለከረመው ስለ ቶርጊልስ ነው።

ቶርጊልስ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። እኛ ሸለቆ ውስጥ የበግ ሰብሳቢዎቹን አለቃ የተራራው ንጉሥ እንለዋለን፤ እሱም በጎች ከተራራ በሚወርዱበት በመስከረም አሥራ ስምንት ጊዜ ነግሧል። ማን የትኛውን ገደል ይዞ በጎች እንደሚያወርድ የሚደለድለው እሱ ነው። ሲበዛ ንጹሕ ነው፤ የበጎቹ ቤት ከእኔ ሳሎን ይበልጥ የጸዳ ነው። ባለ አራት ጎማ ሞተሩንማ እንደ ሙሽራ ነው የሚያጥባት።

በነሐሴ መጨረሻ ባለ አራት ጎማዋን ለጎረቤቱ ለራንቬይግ አዋሳት። ራንቬይግ ሠላሳ ዓመት የምሥራቁን ገደል ስትይዝ አንዲት በግ አልቀረችባትም። ስትመልስለት የብረት አካሏ፣ ሻንሲው ላይ አንድ ጭረት ነበረ። ቶርጊልስ ምንም አላላትም፤ ባትሪውንና የባትሪውን ገመዶች፣ ካቦዎቹን ፈታ፣ ሻንሲውን አረንጓዴ ቀለም ቀባ፣ መልሶ አሰረ። በማግሥቱ ማስነሻውን ሲጫን፦ ጠቅ። እንደገና፦ ጠቅ። ሞተሩ አይዞርም።

"ወንዝ ውስጥ እስከ ሆዷ ነክራት ነው፤ የሚያስነሳት ሞተሪኖ ውሃ ጠጥቷል" አለኝ።

ለእኔ ብሎ ቢቀር ደግ ነበር። የድልድሉ ስብሰባ ላይ፣ ሃያ ሰው ፊት፣ "ራንቬይግ፣ ዘንድሮ ገደሉን ትተሽ ወጥ ቤት ሁኚ፤ እዚያ የምትሰጥሚበት ወንዝ የለም" አላት። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ስጽፈው ጉንጬ ይነደኛል። እሷ ኮፍያዋን አነሳችና "ወጥ ቤትም አልገባም፣ ተራራም አልወጣም" ብላ ሄደች።

ማክሰኞ ዕለት "ና ቴስተርህን ይዘህ" ብሎ ጠራኝ፤ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን ማለቱ ነው። ሞተሪኖውን ፈትተን ከትራክተሩ ባትሪ ጋር ብናገናኘው ጤነኛ ሆኖ ተሽከረከረ።

"ውሃ ጠጣ ያልከው ይኼ ነው?"

"ዝም ብለህ ያዝ!"

መልሰን ገጠምነው፤ ጠቅ። ባትሪው ሙሉ ነው። አንዱን የቴስተር ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት አስነክቼ "ተጫን" አልኩት። ዜሮ ገደማ ሊሆን ሲገባው ዘጠኝ ቮልት አሳየ። መሐል ላይ የኤሌክትሪኩን መንገድ የዘጋ ነገር አለ ማለት ነው። ቶርጊልስ የኔጌቲቩን ካቦ ከሻንሲው ጋር ያሰረበትን ብሎን ፈታ። ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም፣ ወፍራም፣ እንደ እርጎ የተለደፈ። እሱ ራሱ የቀባው።

በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገው፣ ካቦውን አሰረ፣ ተጫነ፤ በአንዴ ተነሳች። ወዲያው አጠፋት። ሞተር አስነስቶ ድምፁን ከጎረቤት የሚደብቅ ሰው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

"ለማንም እንዳትናገር" አለኝ።

"ለራንቬይግስ?"

"ለእሷማ... በምን ፊቴ?"

ሁለት ቀን ሙሉ በደጇ ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ዞረ። ሐሙስ ግን "አብረኸኝ ና" አለኝና ሄድን። ራንቬይግ አጥር ትጠግን ነበር።

"ቀለም ነው" አላት መሬት መሬት እያየ። "የራሴ ቀለም ነው እንጂ ወንዝ አይደለም።"

"ወንዝ ያልከው ስንት ሰው ፊት ነበር?"

"ሃያ።"

"ታዲያ ለእኔ ብቻ መጥተህ ትንሾካሾካለህ?" ብላ ወደ መዶሻዋ ተመለሰች።

ዛሬ ጠዋት ፈረሶቹን ለመጫን ሃያዎቻችንም ስንሰበሰብ፣ እሷም መጥታ በር ላይ ቆመች። ቶርጊልስ ኮፍያውን አወለቀ። ጆሮው ቲማቲም መስሏል።

"ሞተሪኖው ደህና ነበር" አለ። "ካቦውን ቀለም ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። በራሴ ጥፋት ራንቬይግን እዚህ ፊታችሁ አዋረድኳት። ሌላ ንጉሥ ምረጡ።"

ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ጫማችንን እናይ ነበር፤ ያን ዕለት ያልሳቀ የለማ!

"ንግሥናህን ማን ፈለገው?" አለች ራንቬይግ። "ይልቅ ድልድሉን አንብብ።"

ወረቀቱን ዘረጋ። "የምሥራቁ ገደል... ራንቬይግ፣ ከመጣሽ።"

"እመጣለሁ። አንተ ግን ቀና በል፤ በጎቹ ያሉት ላይ ነው።"

አሁን በሳቅ ፈረስን። እሱ ግን አልሳቀም፤ ቀናም አላለም፤ ቀና ማለቱ የአንድ ቀን ነገር አይመስለኝም። በሉ፣ ሚስቴ ጓዳ ሆና ለስንቃችን በጭስ የደረቀ ሥጋ እየከተፈች ነው፤ ገና አልሰማችም፣ ልሩጥና ልንገራት!