የሂሳብ መምህርቷ ወንበር

ተማሪዎቿ «ምሰሶ» ይሏታል። የሂሳብ መምህርቷ ክፍል ውስጥ ቁጭ ስትል ሁለት ዓመት ሙሉ ያያት የለም፤ ክፍለ ጊዜውን ከዳር እስከ ዳር ቆማ ነው የምትጨርሰው። ልጆቹ ኃይለኝነት መስሏቸዋል። ወይ አለማወቅ! ምስኪኗ እኮ ወንበሩን ፈርታ ነው።

የወር አበባዋ መጣ ማለት ጎርፍ መጣ ማለት ነው። አስር ቀን፣ ሲብስባት አስራ ሁለት። በየሰዓቱ መቀየር አለ፤ ከጥቁር ቀሚስ ሌላ መልበስ የለም። አንድ ቀን ወንበሩን አበላሽታ ተነሳች። ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቃ፣ ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ ውሃ ፍለጋ ሮጠች። ስትመለስ ወንበሩ ንጹሕ ነው። «ዓይኔ ነው ያታለለኝ» አለች። ዳግመኛ ግን አልተቀመጠችበትም።

ታዲያ ለምን አትታከምም? እናቷም እንዲሁ ነበሩ፤ የዘር ነው ተብሎ ታልፏል። ጎረቤቷ ደግሞ «ሄድሽ ማለት ማህፀንሽን አውጥተው ነው የሚሰዱሽ» ብላ አስፈራርታታለች። እሷና ባሏ ለልጃቸው ታናሽ እየተመኙ! ሆድ ይፍጀው ብላ ቻለችው።

አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ዓይኗ ጨለመባት። ጠመኔው ወደቀ፤ እሷም ተከተለችው። ቀድመው የደረሱት የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ መጥረጊያቸውን ጥለው ደግፈው አስቀመጧት።

«የኔ ልጅ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ማህፀኔን ቢያወጡትስ፣ እትዬ? ጎረቤቴ ያወጡታል ብላኛለች።»

«እስቲ መጀመሪያ ሐኪም ይናገር! ጎረቤትሽ መቼ ነው በሕክምና የተመረቀችው?»

ሐኪሟ ደሟን አስመርምራ፣ ማህፀኗን በአልትራሳውንድ አይታ፣ «በምን ደምሽ ነው ቆመሽ የምታስተምሪው?» አለቻት። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳቻት። ደም በሚፈስባቸው ቀናት ብቻ የሚዋጥ፣ ፍሰቱን የሚቀንስ ክኒን አለ። ሆርሞን ያለው ክኒንም፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕም አለ፤ እነሱ ግን እርግዝና ስለሚከላከሉ ልጅ ለምትፈልግ ሴት ለጊዜው አይሆኑም። ቀዶ ሕክምና ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል የሚታሰብ ነው። «ማህፀንሽ ደህና ነው፤ ማንም አይነካብሽም» ስትላት መምህርቷ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሐኪሟ ደም የመርጋት ችግር ኖሮባት እንደማያውቅ ጠይቃ አረጋገጠችና ፍሰት የሚቀንሰውን ክኒን አዘዘችላት፤ ለደም ማነሷም አይረን ጨመረችላት።

በአራተኛው ወር፣ በዚያው በሚፈራው ሳምንት፣ የክፍል ሥራ ሰጥታ ወንበሩን ሳበችና ቁጭ አለች። ልጆቹ ከደብተራቸው ቀና ቀና አሉ።

«ቲቸር፣ አሞሽ ነው?» አለች አንዷ ከኋላ።

«ኧረ ድኜ ነው!»

ልጆቹ ወጥተው የጽዳት ሠራተኛዋ ሲገቡ መምህርቷ ገና እንደተቀመጠች ናት።

«እትዬ፣ ይኸው ተቀመጥኩ! እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ...»

«እሰይ የኔ ልጅ! ያን ቀን ወንበሩን ሳጥበው ነገ ትቀመጥበታለች ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት አስጠበቅሽኝ እኮ!»

መምህርቷ ተነሳች፤ ወንበሩን ለእትዬ ሳበችላቸውና መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀበለች። ያን ቀን ክፍሉን የጠረገችው እሷ ናት።