ሥጋ የማይገባበት ክፍል

የክፍሉ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተጠየቅሁት ስለ ወንጀሌ አልነበረም። ስለ ወጥ ነበር።

«ልጄ፣ ከቤትህ ምን ያመጡልሃል?» አሉኝ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ። የኩታበር ገበሬ ናቸው። ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ማዳበሪያው የሚደርሰን እህሉን ከወቃን በኋላ ነው ወይ?» ብለው በመጠየቃቸው ነው የታሰሩት። እኔን ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ሽቅብ ያመጣኝ ፒክአፕ ጎኔን ቀጥቅጦኛል። ጥያቄያቸው አናደደኝ።

«ምን አውቄ» አልኳቸው።

አልተቀየሙም። «እዚህ ቤት ሥጋ አይገባም። ለባለቤትህ ንገራት። እናንተ የባረካችሁትን እኛ አንበላም፤ እኛ የባረክነውን እናንተ አትበሉም። ሥጋ የገባ ለት ሳህኑ ሁለት ይሆናል። ሳህኑ ሁለት ከሆነ ቤቱም ሁለት ነው። አብሽር፣ ሽሮ ያኖራል።»

ወሎ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ሕጉን ያወጣው እስረኛው ራሱ ነበር፤ ከፖሊሶቹ ሕግ ይልቅ እሱ ይከበር ነበር።

እኔ የጄሪካን ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ጥሬ ዕቃ የለም፣ ዶላር የለም እየተባለ ደመወዛችን በግማሽ ሲከፈለን ከረመ። ገበያው ግን ግማሽ አያውቅም። ዘይቱም ጤፉም የቤት ኪራዩም ሙሉውን ይጠይቃል። የዐቢይ ጾም እንደገባ ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበንና «ክርስቲያን ለሆዱ አይጮህም፤ ሙስሊሙም ሰብር ማድረግ ያውቅበታል» አለን። ጾማችንን በእኛው ላይ መቆጠቢያ አደረገው። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም።

በማግስቱ አንዲት ልጅ ማሽኗን አጠፋች። ከገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል የምትኖር፣ ድምፅዋ እንኳ የማይሰማ ልጅ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ሁላችንም አጠፋን። አለቆቹ ሲመጡ የተናገርኩት እኔ ስለነበርኩ የተወሰድኩት እኔ ሆንኩ። «አድማ አነሣሥተሃል» ተባልኩ። እነሱ የፈለጉት ግን መጀመሪያ ማሽኑን ያጠፋውን ሰው ነው።

መርማሪው ወጣት ነው። አንገቱ ላይ ማተብ አለ። በጠራኝ ቁጥር የሚለው አንድ ነው፤ ስም ስጥና ከበዓል በኋላ ሥራህ ላይ ነህ። ደፋር ሰው አይደለሁም። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አከራያችን ደግሞ ባለፈው ወር ፊቱን አዙሮብን ነበር። ወደ ክፍሌ ስመለስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እጸልያለሁ፤ ጸሎት ከተባለ። ምን በድለንህ ነው፣ እነሱ ጠግበው እኛን ጹሙ ሲሉ አትሰማም ወይ፣ እያልኩ ነው።

አንድ ቀን ሽማግሌው ሰሙኝ። «ከአላህ ጋር ተጣላህ እንዴ?»

«አዎ፣ ተጣልቻለሁ።»

«ደግ። የሌለን ማን ይጣላል?» አሉና ወደ ሶላታቸው ዞሩ።

ከስቅለት ጀምሮ እህል ሳልቀምስ አክፍዬ ነበር። የፋሲካ ጠዋት ጠያቂ ሳይገባ መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ቀርቧል። ከቤቱ ያስመጣው ነው።

«እንኳን አደረሰህ። ቁጭ በል፣ ግደፍ» አለኝ። «አንድ ስም ብቻ። ከዚያ በልተህ ወደ ልጆችህ።»

«ካልሰጠሁስ?»

«ሥራህን እርሳው። ፋብሪካው አይመልስህም።»

ምራቄ አፌን ሞላው፤ ይህን አልደብቅም። የልጆቼ ፊት መጣብኝ። ቀጥሎ የዚያች ልጅ። ከዚያ ዓይኔ ማተቡ ላይ አረፈ። ጌታ በበረሃ ጾሞ ሲራብ፣ በእንጀራ ሊፈትነው የመጣው ማን እንደነበር ሕፃን ልጅ ያውቃል። ይህ ሰውዬ ግን ማተብ አስሮ የማንን ሥራ እንደሚሠራ አያውቅም። ንዴቴ ከረሃቤ በለጠ።

«እኔ የምገድፈው ከሰዎቼ ጋር ነው» አልኩት።

«ከየትኞቹ ሰዎች?»

«ክፍል ካሉት።»

ሳቀ። «እነሱ ሙስሊም አይደሉም እንዴ?»

«ሽሮ ሃይማኖት የለውም።»

ሳቁን አቆመና ወደ ክፍሌ እንዲመልሱኝ አዘዘ።

ሽማግሌው ጠብቀውኛል። «ዛሬ በዓላችሁ ነው» አሉ። «ሥጋችሁ ይግባ። እኛ ወደዚያኛው ጥግ እንላለን፤ ለአንድ ቀን ቤት አይፈርስም።»

ወዲያው ባለቤቴ መጣች። ተራራውን በሚኒባስ ወጥታ፣ ሰሃኑን በነጠላዋ ጠቅልላ። መርማሪው ያለኝን በሽቦው በኩል ነገርኳት፤ ሥራው አበቃ አልኳት። «ምን ልንበላ ነው?» አልኳት፤ ከእሷ መልስ እንደሚጠበቅ ሁሉ።

«ትናንት ምን በላን? እሱ ያውቃል» አለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን ቁጣ ነበር። «የሰው ልጅ ሸጠህ ብትመጣ በሩን አልከፍትልህም ነበር።»

ሰሃኑን ስትሰጠኝ «ሽሮ ነው» አለች።

«ዶሮ አቅቶሽ ነው?»

«አቅቶኛል። ቢኖረኝም ወደዚህ አላመጣውም። ሽማግሌው በበዓል ቀን ጥግ ይዘው ይብሉ?»

ክፍል ገብቼ ሰሃኑን መሃል ላይ አስቀመጥኩት። ሽማግሌው ከፍተው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡት።

«በል ግደፍ፣ ልጄ። እንኳን አደረሰህ።»

ፋሲካን በሽሮ የገደፍኩት፣ በሙስሊም ሽማግሌ እጅ ጎርሼ ነው። ከአንድ ሰሃን በላን፤ ፍርፋሪ አልቀረም።

ቆይቶ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ፋብሪካው እንደተባለው አልመለሰኝም። አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ ጭነት አወርዳለሁ። ሥራ ያለ ቀን አለ፣ የሌለ ቀን አለ፤ ማታ ግን እስካሁን ሳንበላ አላደርንም። ልጅቷ አሁንም እዚያው ትሠራለች። ስሟን እዚህም አልጽፈውም።

በቀደም እሑድ መርማሪውን ቤተ ክርስቲያን አየሁት። ደጃፉን ተሳልሞ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ያውቀኝ እንደሆነ እንጃ። አባታችን ሆይን አብረን ደገምን። የዕለቱን እንጀራ ስንለምን ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ እንዲሰማኝ ነው። «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስንደርስ ግን አፌ ተያዘ። ዛሬም እዚያው ስደርስ ይያዛል። እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔና እሱ አሁንም እየተጣላን ነው።