መጀመሪያ ውሃ

እትዬ ብሩሽ የሽቦ ብሩሹን በሁለት እጇ ይዛ የምክር ቤቱን ምሰሶ ትፈትጋለች። አሲዱ የነካው እብነ በረድ አረፋ ይደፍቃል።

«ኧረ በቃሽ!» አለ ጥበቃው ከበሩ ላይ። «ድንጋዩ ምን በደለሽ?»

«ይታያል?»

«ምኑ?»

«ቀለሙ ነዋ።»

«ቀለሙማ ድራሹ ጠፍቷል። የቀረው ምሰሶው ነው፤ ከጀመርሽው አይቀር እሱንም ጨርሰሽ ግቢ።»

አልሳቀችም። ማለዳ ፖሊስ ከደረጃው ላይ አፍሶ ከወሰዳቸው ወጣቶች አንዷ ልጇ ነበረች። ምክር ቤቱ የፈቀደው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ እንዳይገነባ ብለው ምሰሶውን ጥቁር ቀብተው፣ ሳይሸሹ ሥሩ ተቀምጠው ጠበቁ። እትዬ ብሩሽ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማይታይ ነገር አያስከስስም።

ልጇን ያሳደገችው ያንኑ ሕንፃ እያጸዳች ነው። ቅጽል ስሙም ብሩሽ ከእጇ ስለማይለይ የወጣላት ነው። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የምታስተምረው እሷ ናት፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ሳሙና፤ አሲድ ለሽንት ቤት እንጂ እብነ በረድ አጠገብ አይደርስም። የዚያን ቀን ግን በቀጥታ አሲዱን አነሳች። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው የሚለቀም አልነበረም። ምሰሶው ሲደርቅ ፈንጣጣ የመታው ፊት መሰለ።

ጣቢያ ምግብ ይዛ ሄደች። ልጅቷ ከሽቦው ማዶ ሆና ፈገግ አለች።

«እማ፣ አትስጊ። የቀባነው ዱቄትና ጥላሸት ነው። በውሃ ይለቃል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ በር ትቆልፊብኝ ነበራ!»

እትዬ ብሩሽ ሳህኑን በቀዳዳው አቀበለቻት።

«ሳይቀዘቅዝ ብዪ» አለች።

የልጆቹ ጠበቃ ነገሩን አሳጥሮ ነገራት፦ ድንጋዩ ካልተጎዳ መቀጮ ነው፤ ከተጎዳ እስር ነው። በችሎቱ ቀን ዐቃቤ ሕጉ የተቦረቦረውን ምሰሶ ፎቶ አሳየ። እሷ ለመከላከያ ምስክርነት ቆመች።

«ልጆቹ የቀቡት በውሃ የሚለቅ ነው። ድንጋዩን የበላው አሲድ ነው። ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

«ለተከሳሿ ምኗ ነዎት?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«እናቷ።»

«ሕንፃውን ብዙ ጊዜ አጽድተዋል?»

«ዕድሜዬን።»

«አሲድ እብነ በረድ እንደሚበላ አያውቁም?»

«አውቃለሁ። ለሌሎቹም የማስተምረው እኔ ነኝ።»

«እያወቁ አፈሰሱበት?»

«አዎ።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እናት ለልጇ የማትለው የለም» ብሎ ዐቃቤ ሕጉ ተቀመጠ።

ጥበቃው ተጠራ። ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ፣ «እኔ የምጠብቀው በር ነው፤ ምሰሶ አላየሁም» አለ።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ተከተላት። «እትዬ፣ አትቀየሚኝ። አይቻታለሁ ብል ለምን አላስቆምካትም ይሉኛል። ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አለችኝ» አለችው። ድምጿ ሰዓት ለጠየቃት ሰው የምትመልስበት ይመስል ነበር።

ልጅቷ ሁለት ዓመት ተፈረደባት። የእናትየውን ቃል ያመነ ስላልነበረ እሷን የከሰሳትም ከሥራዋ ያስወጣትም የለም።