የእትዬ ዘርፌ ላም በሌላ ሰው ስም

እናንተስ እውነቱን እያወቃችሁ፣ ሰው ሁሉ አፍ አፋችሁን እያየ፣ ሌላ ነገር ተናግራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተናግሬአለሁ። ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእናንተ ከመነሻው ልንገራችሁ፤ መምህር ነኝና ነገር ቅደም ተከተሉን ካልያዘ አይሆንልኝም።

ከሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ሽንፋ አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ትምህርት ሲዘጋ የከብት ምዝገባ ሥራ ተሰጠኝ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቁጥር ያለበት ቢጫ ፕላስቲክ በከብቱ ጆሮ ላይ ይሰካል፤ ቁጥሩ በስልክ ይነበባል፤ ከዚያ የከብቱ ቀለም፣ ክትባቱና የባለቤቱ ስም ይሞላል። ከብቱ ተሰርቆ ወደ ሱዳን ሊሻገር ሲል ቢያዝ የማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ይህን ለገበሬው ሳስረዳ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር!

አያ መኳንንት ከብቶቻቸውን ነድተው መጡ። ተጫዋች ሽማግሌ ነበሩ። «መምህር፣ ላሞቼን ጉትቻ አድርገህላቸው ስትሰዳቸው ሚስቴ ብትቀናስ?» ብለው ሰዉን አሳቁት። የቀይዋ ላም ተራ ሲደርስ ግን ጠጋ አሉኝና በለሆሳስ፣ «ይች እንኳ የዘርፌ ናት። እኔ አርቢዋ ነኝ፤ ጥጃዋን ነው የምንካፈል» አሉኝ። የሰው ሀብት በአደባባይ መቁጠር ነውር ስለሆነ ከእኔ በቀር የሰማቸው አልነበረም።

በእኛ ቆላ ይህ የተለመደ ነው። ጠባቂ የሌለው ሰው ላሙን ላለው ይሰጣል፤ ወተቱ የጠባቂው፣ ጥጃው የጋራ፣ ላሟ ግን የሰጪው ናት። ውሉ በቃል ነው። እትዬ ዘርፌም ባላቸው ሲሞቱ ያለቻቸውን አንዲት ላም የሰጡት በዚሁ መንገድ ነበር።

በእትዬ ዘርፌ ስም ለመመዝገብ እሳቸው መታወቂያቸውን ይዘው መምጣት ነበረባቸው። ያን ዕለት ግን ኮኪት ከተማ ሄደው ነበር። እኔ ደግሞ ቀበሌያችንን ከሌሎቹ ቀድሜ ለመጨረስ ቸኩዬአለሁ። «ግድ የለም አያ፣ ለጊዜው በእርስዎ ስም ይግባ፤ በኋላ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። አላስተካከልኩም። ረስቼ አይደለም። ቀድሜ ጨርሼ ተመሰገንኩ፤ ከተመሰገንኩ በኋላ ተሳስቻለሁ ማለት ከበደኝ።

አያ መኳንንትን ወባ ገደላቸው። ሸሕዲ የሚኖረው ልጃቸው መጣና ከብቱ በሙሉ የአባቴ ነው አለ። እትዬ ዘርፌ ሽማግሌ አስቀመጡ። ነገሩን በወሬ የሚያውቁ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ቀድሞ ቢሆን እነሱ ተጠይቀው፣ ልጁም ምሎ ያልቅ ነበር። ልጁ ግን፣ «ምን መሐላ ያስፈልጋል? መምህሩ ይጠራና በስልኩ ይይልን» አለ።

ተጠራሁ። ቁጥሩን አነበብኩ። የአያ መኳንንት ስም መጣ።

እትዬ ዘርፌ ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ መኳንንት አልነገረህም? እሱ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አይደብቅም።»

ነግረውኛል። ይህን ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ያስረዳኋቸው ገበሬዎች፣ የተማሪዎቼ አባቶች፣ ሁሉም ተቀምጠዋል። እኔም፣ «ስልኩ አይዋሽም» አልኩ።

«ሰሙ እትዬ? ዘመኑ የስልክ ነው» አለ ልጁ እየሳቀ።

እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። «እንግዲህ መኳንንትን ከሞተ በኋላ ሌባ አደረጋችሁት» አሉና ሄዱ።

ለካ የበደልኩት አንድ ሰው ብቻ አልነበረም! አደራቸውን በጆሮዬ የነገሩኝን ሰው በመቃብራቸው አዋረድኩ። እኔ ነኝ ያዋረድኳቸው፤ ስልኩ አይደለም። ስልኩማ እኔ የነገርኩትን ነው የደገመው።

ላሟ ለልጁ ተፈረደች፤ እሱም ከነጥጃዋ ሸጣት። እትዬ ዘርፌ በዚያ ዕድሜያቸው ከደገኛ የቀን ሠራተኞች ጋር ሰሊጥ ያርማሉ። መንገድ ላይ ስንገናኝ፣ «ደኅና ዋልህ መምህር» ይሉኛል። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

ልጅነት ነው አልልም። የሥራ ብዛት ነው አልልም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ላሟ የእናንተ አልነበረችም። ይህንንም እንኳ የጻፍኩት እትዬ ዘርፌ ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅኩ ነው። ታዲያ ይህ ምን ዓይነት ንስሐ ነው?

እናንተ ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ያጠፋችሁትን አንድ ነገር ምረጡ፤ ትንሽም ቢሆን ግድ የለም። በጽሑፍ አይሁን። የሚያከብሯችሁ ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ የበደላችሁትም ሰው ባለበት ቁሙና፣ «እኔ ነኝ» በሉ። እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩም።