ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ላስቲክ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ጅቡቲ ደግሞ ይሄን ጠባዬን አባሰችው። እና ካቦው ከድንጋዩ ጀርባ ላስቲክ አንጥፉ ሲለን፣ በልቤ «ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ይሸርባል» አልኩ።

ሥራችን እንዲህ ነው። ስስ የድንጋይ ንጣፉን ፎርም በምንለው የኮንክሪት ማፍሰሻ ሳጥን ውስጥ ፊቱን ወደ ታች አድርገን እንደረድራለን። በጀርባው በተበሳው ቀዳዳ የማይዝግ ብረት ሰያፍ አድርገን እንሰካና ኮንክሪት እንሞላበታለን። ሲደርቅ ክሬን አንስቶ ሕንፃው ላይ ይሰቅለዋል፤ ላየው ሰው ግድግዳው ድፍን ድንጋይ ይመስላል። በድንጋዩና በኮንክሪቱ መሃል ግን ላስቲክ አለ። እኔ አገሬ ዕድሜዬን ሙሉ ግንበኛ ነበርኩ፤ ድንጋይን ሲሚንቶ ካልያዘው ይወድቃል። ታዲያ እንዳይያያዙ ላስቲክ ማንጠፍ ምን የሚሉት ነው? ከሞላ በኋላስ ማን ከፍቶ ያያል?

ካቦውን ብጠይቀው «የታዘዝከውን ሥራ» አለኝ። ይሄኔ ነገሩ ጨርሶ ሸተተኝ።

ሌላ ሕንፃ ቢሆን ዝም እል ነበር። ይሄን ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ ያለውን ግን፣ ታናሽ እህቴ አዳሪ ሆና የምትሠራላቸው ፈረንሳዮች ሊከራዩት ተስማምተዋል። በቀን አሥር ጊዜ በዚያ በር ልትወጣ ልትገባ ነው። ድንጋዩ አናቷ ላይ ሲወርድ እየታየኝ ምግብ አልበላ አለኝ።

ከበሩ በላይ የሚሰቀለውን መሥራት ሲደርሰኝ፣ ካቦው ዞር እስኪል ጠብቄ ያለ ላስቲክ ሠራሁት። ለእህቴ አንድ ቁም ነገር ሠራሁላት ብዬ ደስ አለኝ።

ፈረንሳዮቹ ገቡ። ካምሲን የሚሉት ትኩስ የበረሃ ነፋስ በነፈሰበት ሰሞን እህቴ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ከበራችን በላይ ያለው ድንጋይ ተሰንጥቋል።»

ከኔው በላይ ያለው፣ ላስቲክ የተነጠፈበት ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ካቦውን ከሥራው ላይ «ና ጉድህን እይ» ብዬ ጎትቼ ወሰድኩት። ቀና ብሎ ሲያይ ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ የኔው ብቻ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። መሰላል አስመጥቶ ጠርዙን አስፈለፈለ።

«ላስቲኩ የት አለ?» አለኝ።

ያለ ላስቲክ እንደሠራሁት ነገርኩት።

«ድንጋይና ኮንክሪት እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይኮማተሩም። ድንጋዩን የሚይዘው ብረቱ ነው። ላስቲኩ የሚገባው እንዳይጎታተቱ ነው።»

«ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህስ ታምነኝ ነበር?»

ከዚያ ሌላ ስንት እንዲህ እንደሠራሁ ጠየቀኝ። ይሄ ብቻ ነው ብዬ ማልኩ። አላመነኝም። ሠራተኞቹ እኔ የነካሁትን ሁሉ በመዶሻ እያንኳኩ ሲያዳምጡ ዋሉ፤ እኔ ከታች ቆሜ አፈርኩ።

እህቴ የገበያ ዘንቢሏን ይዛ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ላንቺ ብዬ ነው አልኳት።

«ሌላ የለም አይደል፣ ጋሼ?»

«የለም።»

ሽቅብ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ዞራ በጓሮ በር ገባች።