ጋሼ ያልሳቁበት ጉዳይ

አጎቴን ጋሼን ከቀበርን ገና ወር አልሞላንም። መርሳ ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። እኔም እሳቸው በነበሩበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንድ ወጣት መምህር መውደዷ ተወርቶ መምህራን ሁሉ ሳቁ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

«ምን አልካት?» አሉት መምህሩን።

«ምን እላታለሁ ጋሼ፣ ፈገግ ብዬ አልፋታለሁ።»

«ፈገግታህን ተስፋ አድርጋ ትይዘዋለች። መምህርሽ ነኝ፣ ሌላ ልሆንሽ አልችልም በላት። አታዋርዳት፤ ብቻዋንም አታነጋግራት። ወሬውም እዚሁ ይቅር።»

መምህሩ አንዲት ሴት መምህርት ባለችበት እንደተባለው ነገራት። ልጅቷ ጥቂት ጊዜ አፈረች እንጂ ትምህርቷን በሰላም ጨረሰች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ መምህር በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንዲት ተማሪ የላከችለትን የፍቅር መልእክት ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ አነበበልን። ቅዳሜ ወልድያ ወስዶ ሊጋብዛት እንደሆነም ነገረን። ጋሼ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ የሰው ቦርሳ ተቀምጧል። ሁሉም ሳቁ፤ አንድም የተቆጣ አልነበረም። «ተማሪህን እኮ ነው!» አልኩት።

«ራሷ ናት የፈለገችኝ» አለኝ።

«እሷ ልጅ ናት። እምቢ ማለት የአንተ ሥራ ነው።»

«አንቺ ደግሞ እንደ አጎትሽ ነገር ታከብጃለሽ።»

ወዲያው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ የሰማሁትን ነገርኳቸው።

«ስሙ እንዳይጠፋ በሽምግልና እንጨርሰው» አሉኝ።

«የእሱን ስም ያስባሉ፤ የእሷንስ ማን ያስብ?» አልኳቸው። ወላጆቿ እስኪጠሩ ድረስም ከቢሯቸው አልወጣሁም።